ደረሰኙ የታለ?

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነን። ረዳቱ ሂሳብ ሰብስቦ ጨርሷል፤ መልስ ግን ገና አልሰጠም። ከፊቴ የተቀመጡ ነጠላ የደረቡ እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ አምስት ብር አለችኝ» አሉት። «ዝርዝር የለም እማማ፤ ሲወርዱ እሰጥዎታለሁ።» «ስወርድማ ትረሳታለህ፤ አሁኑኑ አምጣት።» አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ አገዛቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ታሪፉን በቃሏ ጠቅሳ፣ ረዳቱ ከያንዳንዳችን ላይ ስንት እንደጨመረ፣ ያ በተሳፋሪው ቁጥር ሲባዛ ስንት እንደሚመጣ፣ በቀን ምልልሱ ሲባዛ ደግሞ ስንት እንደሚሆን ዘረዘረችለት። ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ ታክሲዋ በሙሉ የኦዲት ቢሮ ሆነች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ራዲዮኑ ዜና ያነባል። አንድ መሥሪያ ቤት በዘጠኝ ወር የዕቅዱን 98.7 በመቶ አሳክቷል፤ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ሰብስቧል፤ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸርም በ240 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። አንድ ሰው እንኳ «እንዴት ተደርጎ?» አላለም። ቢሊዮኑ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ወጣ። እናትየዋ አምስት ብራቸውን ተቀብለው፣ አገላብጠው አይተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። እኔም ብሆን ቢሊዮኑን በቅጡ አልሰማሁትም፤ የራሴን ሁለት ብር መልስ እያሳደድኩ ነበር።

የእኛ ሰው በሂሳብ አይታማም። የሚጠራጠር ካለ እሑድ ጠዋት የዕድራችን ስብሰባ ላይ ብቅ ይበል። ባለፈው ጊዜ የ40 ብር ልዩነት ተገኝቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠናል። ገንዘብ ያዡ «ለድንኳኑ ማሰሪያ ገመድ የወጣ ነው» አለ። ከኋላ አንድ ጡረተኛ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ሁለት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ደረሰኙ የታለ?» ሰውዬው ኪሱን ዳበሰ፣ ቦርሳውን ፈተሸ፣ ገመድ የሸጠለትን ነጋዴ መልክ ሳይቀር ገለጸ። ከዘራው አልተቀመጠም። በመጨረሻ 40 ብሩን ከራሱ ኪስ ከፍሎ ስብሰባው በምርቃት ተዘጋ።

እኚያው ጡረተኛ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው «ሦስት መቶ ሚሊዮን» ሲባል «አይ ጉድ!» ብለው ቡናቸውን ፉት ይላሉ። ከዘራው ግድግዳ ተደግፎ አርፏል።

ነገሩ ሲያስገርመኝ ቆይቶ ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ። አርባ ብር ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ቢሊዮን ግን ጭንቅላት ውስጥም አይገባም። ሚሊዮንና ቢሊዮን ለጆሯችን ወንድምና እህት ናቸው፤ በሚሊዮን ፈንታ ቢሊዮን ብለው ቢያነቡልን «ኧረ ተሳስታችኋል» የሚል አይገኝም። በሰከንድ ብንቆጥራቸው ልዩነቱ ይታያል። አንድ ሚሊዮን ሰከንድ አሥራ አንድ ቀን ተኩል ነው። አንድ ቢሊዮን ሰከንድ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎ ወደ ሠላሳ ሁለት ይጠጋል። አንዱ ሁለት ሳምንት ያልሞላ የዓመት ፈቃድ፣ ሌላው ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ተድሮ ልጅ የወለደ ሰው ነው። በዜና ላይ ግን የሚለያቸው አንዲት ፊደል ናት።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ነበሩ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። አንድን አሥር ለማድረግ ፲ የሚባል ራሱን የቻለ ምልክት፣ መቶ ለማድረግ ፻፣ እልፍ ለማድረግ ፼ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ደብተራው ሊዋሽ ቢያምረው እንኳ ሌላ ምልክት መርጦ፣ ቀለም አጥቅሶ መድከም ነበረበት። የዛሬ ጸሐፊ ጣቱ ዜሮዋ ላይ ትንሽ ከዘገየች በቃ፣ አገር በለጸገች።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ እንደነበር የሚረሳ የለም፤ ቢረሳ ኪሱ ያስታውሰዋል። ከዚያ ወዲህ ወረደ፣ ቀነሰ፣ ከ20 በታች ገባ የሚሉ ዜናዎች መጡ። አንድ ጠዋት እንዲህ ያለውን ዜና ሰምቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ሰፈራችን ሱቅ ደረስኩ። «ዘይት ስንት ነው?» ነገረኝ። ያለፈው ሳምንት ዋጋ ነው፤ እንዲያውም ፈቅ ብሏል። «ዜና አትሰማም እንዴ? ግሽበት እኮ ቀንሷል!» አልኩት፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው።

ባለሱቁ ትኩር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ሽሮ ሜዳን አልፈው ወደ እንጦጦ ሲወጡ ዳገቱ አንዳንድ ቦታ ላይ ቀለል አይልም?» «ይላል።» «ታዲያ ሲቀልልዎ መውረድ ጀመሩ ማለት ነው?»

ዘይቱን ገዝቼ ወጣሁ። እቤት ስደርስ በልጆች ደብተር ጀርባ ሠራሁት። መቶ ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ሲጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ «በግማሽ ቀነሰ» እንበል፣ 15 በመቶ። ዕቃው 149 ብር ከ50 ሳንቲም ገባ። ዜናው እውነት ነው፤ ባለሱቁም እውነት ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ ነኝ። የቀነሰው የዋጋው መሮጥ እንጂ ዋጋው አይደለም። ይህን የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ዜናው መጨረሻ ላይ ቢጨመር ስንት ባልና ሚስት ከጭቅጭቅ በዳነ! ሚስቴ እስከ ዛሬ «የቀነሰው ዘይት የታለ?» ትለኛለች።

የመቶኛ ነገር ከተነሣ ያቺን 98.7ን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የዕቅድ ክንውን ሪፖርት ሰምቶ የሚያውቅ ሁሉ ነጥቧን ያውቃታል። ዘጠና ስምንት ብቻ ከሆነ ሰው ይጠራጠራል፤ ነጥብ ሰባት ስትከተለው ግን በሚዛን ተመዝኖ፣ በሜትር ተለክቶ የመጣ ይመስላል። መታወቅ ያለበት የላይኛው፣ የተሠራው ቁጥር ሳይሆን የታችኛው፣ የታቀደው ነው። አንድ ሺሕ ጉድጓድ ሊቆፍር ያቀደ መሥሪያ ቤት በዓመቱ አጋማሽ «ዕቅዱ ተከልሶ» 600 ይሆንለታል፤ 590 ቆፍሮ 98.3 በመቶ አሳካሁ ይላል። አልዋሸም። ቤት ሠሪው ሦስት ክፍል ሊሠራ ተዋውሎ፣ በመሀል «ሁለት ይብቃችሁ» ብሎ፣ ሁለቱን ሲጨርስ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ቢላችሁ ቀሪ ሂሳቡን ትከፍሉታላችሁ? በሪፖርት ግን እናጨበጭባለን፤ ከዚያም ሻይ ቡና አለ።

«በ240 በመቶ አደገ» የሚለውም ያው ነው። ዓምና አምስት የነበረ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ቢሆን 240 በመቶ ብልጫ ነው። አምስት ምን? ሚሊዮን ዶላር ወይስ ፍየል? እሱ አይነገርም። «ይህ ምግብ የበሽታን አደጋ በእጥፍ ይጨምራል» ሲባልም ከአሥር ሺሕ አንዱ ወደ ሁለት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን የዚያኑ ዕለት ምግቡን እናቆማለን።

አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ ትክክል ሆኖ ሳለ መንገድ ላይ ልብስ ይጨመርለታል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እኛ ሰፈር ግን «በሰዓት 5,150 ሜጋ ዋት» ነው የሚባለው፤ ዜና አንባቢም ሲለው ሰምቻለሁ። ሜጋ ዋት ራሱ የፍጥነት ነገር ነው፤ «በሰዓት» ተብሎ ሲደረብበት «መኪናው በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል» እንደማለት ነው። ይህን ለጎረቤቴ ባስረዳው «አንተ ደግሞ በግድቡ ላይ ምን አለህ?» ብሎ ፊቱን አጠቆረብኝ። ቁጥር መጠየቅና አገር መጥላት እንደ አንድ መቆጠሩ የቆየ ችግራችን ነው።

ይህን እየፈራሁ ወደ ችግኙ እገባለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገራችን በአንድ ጀንበር 200 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል ታቀደ፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ 353,633,660 ተተከለ ተባለ። እኔም ሁለት ተክያለሁ። በተነሣሁት ፎቶ ላይ ግን አራት ይመስላሉ። ማታ ቁጥሩ ሲነገር የመጀመሪያ ስሜቴ ደስታ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች ስድሳ ናት። ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት ሚሊዮኑን እንተወው፤ ስድሳዋን ማን ቆጠራት? እኛ ሰፈር ተተከለ ከተባለው ውስጥ ስንቱ በእርግጥ እንደተተከለ፣ ስንቱ ከነላስቲኩ ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንደቀረ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም ግን ቆጥሮ ሲጽፍ አላየሁም። ምናልባት የጻፈው ከእኔ በኋላ መጥቶ ይሆናል።

ደብተሩን አወጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት 43,200 ሰከንድ ነው። ቁጥሩ ሲካፈል በያንዳንዷ ሰከንድ 8,186 ገደማ ችግኝ። «በሉ እንግዲህ!» አልኩ ለቤተሰቡ፣ የአሸናፊነት ፈገግታ ፈገግ ብዬ። ዩኒቨርሲቲ ገና የገባች የእህቴ ልጅ ስልኳን ሳትለቅ «ጋሼ፣ በሰከንድ መካፈሉ ያስደነግጣል እንጂ ምንም አያረጋግጥም፤ በሰው አካፍለው» አለችኝ።

በሰው ማካፈል ጀመርን። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሕንድ፣ ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ 800,000 ያህል ሰዎች በአንድ ቀን ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ችግኝ ተክለው ዓለምን አስደንቀው ነበር። ለአንድ ሰው ስልሳ ሁለት ገደማ መሆኑ ነው። የእነሱ ሰዓት ሃያ አራት፣ የእኛ አሥራ ሁለት፤ ስለዚህ በእነሱ ፍጥነት የእኛ ሰው ለያንዳንዱ ሠላሳ አንድ ይደርሰዋል። በዚህ ሂሳብ 353 ሚሊዮኑን ለመትከል አሥራ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ያስፈልጋል። በአገራችን አሥራ አንድ ሚሊዮን ሰው ቢወጣ ይደንቃል እንጂ አይቻልም አይባልም። እኔ ውሸት ልይዝ የወጣሁት ሰውዬ፣ ሂሳቡ «አይቻልም» ሊልልኝ አልቻለም። ፈገግታዬን መለስኩ።

ግን «ይቻላል» እና «ሆኗል» እንዴት አንድ ይሆናሉ? ዕድር ላይ ገመድ በአርባ ብር ሊገዛ እንደሚችል ማንም አልካደም፤ የተጠየቀው ደረሰኝ ነው። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ሲያቀብል ቁጥሩ እንደ እንጀራ ሊጥ ትንሽ ትንሽ ኩፍ ማለቱን ሪፖርት ጽፎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ዝቅተኛ ቁጥር ልኮ ስብሰባ ላይ መነሣት የሚወድ ማን አለ? በኋላም የችግኝ ዕቅዱ በ2015 ወደ 500፣ በ2016 ወደ 600፣ በ2017 ወደ 700 ሚሊዮን አደገ፤ ሁልጊዜም ከዕቅድ በላይ ሆነ ተባለ። ትልቁ ጥያቄ ግን ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው። ቋንቋችን ለችግኝ ሥር መስደድና ለነፍስ ገነት መግባት አንድ ቃል መስጠቷ በከንቱ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ከተተከሉበት ቀን ይልቅ ብዙ ቆይቶ የሚታወቁ ናቸው።

የሰልፍና የበዓል ሕዝብ ቁጥርም እንዲሁ ነው። እዚህ አገር አደባባይ የሞላ ሕዝብ ሁሉ ሚሊዮን ነው፤ ሁለት አደባባይ ከሞላ «ሚሊዮኖች»። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በአሜሪካ፣ በርክሌይ የጋዜጠኝነት መምህር የነበሩት ኸርበርት ጃኮብስ ከቢሮአቸው መስኮት ሆነው ተማሪዎች ሲሰለፉ ያዩ ነበር። አደባባዩ በካሬ ካሬ የተከፋፈለ ነበርና በጥቂት ካሬዎች ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥረው ሌላውን አባዙ። ባገኙት ልክ፣ እጅግ የተጨናነቀ ሕዝብ እንኳ በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ሰው ብዙም አይበልጥም። ሚሊዮን ሰው እንግዲህ 25 ሄክታር ይፈልጋል፤ ወደ ሠላሳ አምስት የኳስ ሜዳ፣ ያውም ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ጃንጥላ ሳይዘረጋ፣ ጀበና ሳይጣድ። ከዚህ አገር ደረሰኝ ያለው የሕዝብ ቁጥር የማውቀው የታላቁ ሩጫን ነው፤ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ተሳታፊ ነበረው፤ ያን ያህል ካኔቴራ ስለተሰጠ ነው የሚታወቀው።

ስለ ሰው ቁጥር ከተነሣ፣ እኛ ስንት ነን? መጨረሻ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ 73.9 ሚሊዮን ሆነን ተገኘን፣ አዲስ አበባም 2.7 ሚሊዮን። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ፤ እንደተራዘመ ነው። በ1999 ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ መታወቂያ አውጥተዋል። በመሀሉ የአገራችን ስታቲስቲክስ ትንበያ ወደ 110 ሚሊዮን ያደርገናል፤ የተባበሩት መንግሥታት ትንበያ ከ130 ሚሊዮን ያሳልፈናል። ልዩነቱ የአንድ መለስተኛ አገር ሕዝብ ነው። አዲስ አበባን በተመለከተ ታክሲ ነጂው ስምንት ሚሊዮን፣ ፀጉር አስተካካዬ አሥር ሚሊዮን ነው የሚለው፤ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም እኔም ለፀጉር አስተካካዬ አደላለሁ።

አሁን አስቡት፤ «የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ1,000 ዶላር በለጠ» ሲባል ከታች ያለው አካፋይ ይኸው በግምት የቆመ የሕዝብ ቁጥር ነው። ላይኛውም ቢሆን ዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (አዎ፣ ከችግኙ ልክ አምስት ዓመት በኋላ) ብር በገበያ ይመራ ሲባል፣ 57 ብር ገደማ ከነበረበት በአንድ ጠዋት ከ74 አለፈ፤ ብዙ ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። አንድ የጤፍ ማሳ ሳይጠፋ፣ አንድ በሬ ሳይሞት፣ ኢኮኖሚያችን በዶላር ሲለካ ተኝተን ስንነሣ አጠረ። ቀድሞ በዚያው ዶላር ረዘምን ብለው የጨፈሩት ከዚያ በኋላ በብር ሆነ የሚለኩት። ጎረቤቴማ ገና ከ1,000 ዶላሩ አልወጣም፤ «የእኔን ድርሻ ማን ወሰደብኝ?» እያለ ነው።

ሌላውን ብቻ ሳማ እንዳልቀር የራሴን ልናገር። ባለፈው ጾም በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ «ጥናት እንዳረጋገጠው 80 በመቶ ሰዎች…» ብሎ የሚጀምር ነገር ደረሰኝ። ምኑን እንደሚል ዛሬ አላስታውስም፤ እኔ አስቀድሞ የማምነውን ነገር ይል ነበር፤ ለዚህ ነው ሳላነብ ያስተላለፍኩት። የእህቴ ልጅ ወዲያው ጻፈች፤ «80 በመቶ የማን?» ዝም አልኩ። «ስንት ሰው ተጠየቀ?» ዝም። «ማን ጠየቀ?» እዚህ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ታላቅ ይከበራል» ብዬ ጻፍኩ። መልስ ያጣ ታላቅ ሁሉ የሚጽፈው ይህንን ነው።

በግሩፑ ውስጥ የነበሩ አንድ አጎት ሊያድኑኝ «ብዙ ሺሕ ሰው ነው ድምፅ የሰጠበት» አሉ። ልጅቷ ለእሳቸውም አላዘነችም፤ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት ታሪክ ላከችላቸው። በ1936 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ምርጫ ሲደርስ አሥር ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በትኖ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ «አልፍ ላንደን ያሸንፋል» አለ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች መዝገብ፣ ከራሱም ደንበኞች ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። አጎቴ «በርቺ ልጄ» ብለው ከግሩፑ ወጡ።

እነሆ፣ እኔ ሰውዬ በዚህች ጽሑፍ ብቻ ስንት ቁጥር ረጨሁባችሁ? እናንተስ ስንቱን አላመጣችሁ፣ ስንቱን ዋጣችሁ? ቢያንስ የአንዱን ደረሰኝ ልስጥ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲባዛ በስድሳ ደቂቃ፣ ሲባዛ በስድሳ ሰከንድ፣ 43,200። በስልካችሁ ማስያ 353,633,660ን ለዚያ አካፍሉት። 8,186 ገደማ ካልመጣላችሁ እሑድ ጠዋት ዕድር ላይ አለሁ፤ ከዘራችሁን ይዛችሁ ኑ።